ስለ ገንዘቡ ጠየቃችሁኝ፤ ስለ ሥራው ግን ማንም አልጠየቀኝም

ግልጽ ደብዳቤ ለሰሜን ሸዋ ዞንና ለደብረ ብርሃን ከተማ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች፣ እንዲሁም ልጆቻቸውን ወደ አሜሪካ ለሚሸኙ ወላጆች

ክቡራን ኃላፊዎች፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣

ባለፈው ወር እዚሁ ጠባሴ አንዲት ጎረቤቴ ማኅበር ጠርታኝ ሄጄ ነበር። ልጇ ዲቪ ደርሷት ከፋሲካ በኋላ ወደ ላስ ቬጋስ ትሄዳለች። እዚያ የሚቀበሏት ዘመዶቿ በአንድ ትልቅ ካሲኖ ውስጥ ሥራ እንደሚያስገቧት ቃል ገብተውላታል። ጸሎቱ አልቆ ጠላው መቀዳት ሲጀምር የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። በሰዓት ስንት ይከፍላሉ? ጉርሻው በደህና ቀን ስንት ይደርሳል? በስንት ዓመት ቤት ይገዛል? የማውቀውን ያህል መለስኩ። ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ልቤ ከበደኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሥራው ምን እንደሆነ፣ ሌሊቱ እንዴት እንደሚነጋ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ልጅቷ ራሷ እንኳ አልጠየቀችኝም።

የተወለድኩት መንዝ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ነበርኩ። በ1998 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶኝ ሄድኩና 17 ዓመት ላስ ቬጋስ ውስጥ ለአንድ ትልቅ የካሲኖ ኩባንያ ሠርቼ ተመለስኩ። የኩባንያውን ስም አልጽፍም። ክስ ለማቅረብ አልተነሳሁም፤ ያየሁትም በእርሱ ዘንድ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ስድስቱን ዓመት ክፍል አጸዳሁ፣ አልጋ አነጠፍኩ። የቀረውን 11 ዓመት ቆሜ ካርታ አደልኩ።

ካሲኖ ሲባል እዚህ ብዙ ሰው አንድ አዳራሽና ጥቂት ጠረጴዛ ይመስለዋል። የላስ ቬጋስ ትልልቆቹ ካሲኖዎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ከተማ ናቸው። የኔቫዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1931 ቁማርን በሕግ ከፈቀደች ወዲህ እየሰፉ መጥተው ዛሬ ከ5,000 በላይ መኝታ ክፍል ያለው ሆቴል አለ። እንግዳው የሚገባው በመብራትና በእምነበረድ መካከል ነው። ሠራተኛው ግን በኋላ በር ገብቶ በረጅም መተላለፊያ ይሄዳል፤ ደንብ ልብሱን ከመስኮት ይቀበላል፣ ካርዱን አስነክቶ ሰዓት ያስመዘግባል። የልብስ ማጠቢያው፣ ወጥ ቤቱ፣ የሠራተኛው መመገቢያ አዳራሽ በሙሉ ከእንግዳው ዓይን የተሰወረ ነው። ቁማሩ ወዳለበት አዳራሽ ስትወጡ ደግሞ መስኮት የለም፣ ግድግዳ ላይ ሰዓት የለም። ሲነጋና ሲመሽ አይታወቅም። የጾም ቀን እንኳ መሆኑን የማውቀው ምሳዬን ከቤቴ ቋጥሬ በመምጣቴ ነበር።

ስለ ክፍል ጽዳት ብዙ ማለት እፈልጋለሁ፤ ከእኛ ሴቶች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከዚያ ነውና። እኔ በቀን ከ13 እስከ 15 ክፍል ይደርሰኝ ነበር። አንዱ ክፍል ሁለት አልጋ አለው። ፍራሹ ወፍራም ነው፤ አራቱንም ማዕዘን በአንድ እጅ አንስቶ በሌላው አንሶላውን ማጠፍ ነው። ገንዳው ይፈተጋል፣ መስታወቱ ይወለወላል፣ ፎጣው ይቆጠራል። ድግስ ተደግሶበት ያደረ ክፍል ከገጠማችሁ የሦስት ክፍል ጊዜ ይበላል፤ ኮታው ግን አይቀነስም። ጋሪውን ምንጣፍ ላይ ስገፋ የምውል ሴት፣ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ከድካሙ ይልቅ የሚከብደው ግን ፍርሃቱ ነው። አንኳኩታችሁ "ጽዳት ነኝ" ብላችሁ ትገባላችሁ፤ ከውስጥ ማን እንዳለ፣ ምን እንደጠጣ አታውቁም። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በተፈረሙት የኅብረት ስምምነቶች፣ ክፍል አጽጂዎች አደጋ ሲገጥማቸው የሚጫኑት የእርዳታ መጥሪያ ቁልፍ እንዲሰጣቸው ተደረገ። በእኔ ጊዜ አልነበረም።

ያም ሆኖ ያን ጊዜ የሚደግፈኝ ነገር ነበር፤ አሁን ሳስበው ዋጋውን አላወቅሁትም። ኩሊናሪ የሚባል፣ ቁጥሩ 226 የሆነ የሠራተኛ ማኅበር አለ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን ዛሬ 60,000 ያህል አባላት አሉት፤ ክፍል አጽጂዎች፣ ምግብ አብሳዮች፣ አስተናጋጆች፣ ሻንጣ ተሸካሚዎች። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ጋር የኅብረት ስምምነት ይፈራረማል። በዚህ ስምምነት የጤና መድን ነበረኝ፤ መድኃኒቴን ከማኅበሩ ፋርማሲ በነፃ እወስድ ነበር። አለቃዬ ሲቆጣኝ ብቻዬን ቢሮ አልገባም፤ የማኅበሩ ተወካይ አጠገቤ ይቀመጣል። የቆዩት ሴቶች ስለ ፍሮንቲየር ሆቴል አድማ ይነግሩን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጡ 550 ያህል ሠራተኞች ስድስት ዓመት ከአራት ወር በር ላይ ቆዩ። ከእነርሱ አንድም ሰው አድማውን አፍርሶ አልገባም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 አሸንፈው ተመለሱ። እንደ መንዝ ሴት እላችኋለሁ፣ ይህን ታሪክ ስሰማ የሀገሬን ሰው ጽናት ያየሁ መሰለኝ።

ታዲያ ለምን ተውኩት? ወገቤ አልቻለም፣ ደግሞም ገንዘቡ አጓጓኝ። ካርታ የሚያድሉ ሰዎች በጉርሻ ከእኛ በላይ ያገኛሉ ሲባል ሰማሁ። ሁለት ወር ያህል በራሴ ክፍያ ተምሬ፣ ብላክጃክ የሚባለውን፣ ካርታው ተደምሮ ከ21 ሳያልፍ ወደ 21 የቀረበ የሚያሸንፍበትን ጨዋታ ማደል ጀመርኩ። ኩሊናሪ ካርታ አዳዮችን አያቅፍም። በጥቂት ካሲኖዎች ሌላ ማኅበር ያላቸው አዳዮች አሉ፤ እኔ በምሠራበት ካሲኖ አልነበረም። አንድ ወረቀት ላይ ፈርሜ ከጋሪው ወደ ጠረጴዛው ስሻገር ስምምነቱን፣ ተወካዩንና ፋርማሲውን ከኋላዬ ትቼ መሄዴን ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

የጠረጴዛው ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ንጹሕ ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ኪስ የሚሸፍን ሽርጥ። ሽርጡ ለጌጥ አይደለም፤ እጃችሁ ኪሳችሁ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ጠረጴዛ ለቅቃችሁ ስትሄዱ እጃችሁን አጨብጭባችሁ፣ መዳፋችሁን ወደ ላይና ወደ ታች ገልብጣችሁ ጣሪያው ላይ ላለው ካሜራ ታሳያላችሁ። ምንም አልያዝኩም ማለት ነው። በሌሊት ሰባት ስምንት ጊዜ ይህን ታደርጋላችሁ። መጀመሪያ ሰሞን አፍሬ ነበር፤ በኋላ እጄ ራሱ ለመደው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ እንኳ ከጎረቤት ቤት ቡና ጠጥቼ ስነሣ መዳፌን ስገለብጥ ራሴን አግኝቼዋለሁ።

ደመወዙ ከዝቅተኛው የክፍያ ወለል ብዙም አይበልጥም። ኑሮው የቆመው በጉርሻ ላይ ነው። ጉርሻው የአዳዩ የግሉ አይደለም፤ ሳጥን ውስጥ ይጣልና ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ በሠሩት ሰዓት ልክ ይከፋፈላል፣ ግብርም ይቆረጥበታል። ሰኞ የሚበቃችሁን ያህል ታገኛላችሁ፣ ማክሰኞ የአውቶቡስ ብቻ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ባለፈው ወር 300 ዶላር ልካ በዚህ ወር 100 ብትልክ፣ ጨክናባችሁ እንዳይመስላችሁ።

አንድ ሌሊት አልረሳውም። ከታክሲ ሥራው የወጣ የሀገሬ ሰው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። የስም መለያዬን አንብቦ ፊቱ በራ። በአማርኛ "እህቴ፣ ዛሬ አንድ ጥሩ ካርታ ስጪኝ፤ ለቤት ኪራይ ነው" አለኝ። ጨዋታ ላይ ከእንግሊዝኛ ሌላ መናገር ክልክል ነበር፤ ካሜራው ይቀርጻል፣ አለቃዬ ከኋላዬ ቆሟል። መልስ መስጠት አልቻልኩም። ደግሞ ብናገርስ ምን ልለው? አዳዩ ምርጫ የለውም። ካርታዬ ተደምሮ 16 ከሆነ የግድ እጨምራለሁ፤ 17 ከደረሰ የግድ እቆማለሁ። እጄ የእኔ ነው እንጂ ውሳኔው የቤቱ፣ ማለትም የካሲኖው ነው። በአርባ ደቂቃ ውስጥ የቤት ኪራዩን ሰብስቤ ወደ ካሲኖው የገንዘብ ሳጥን ገፋሁት። ሲነሣ አንዲት አምስት ዶላር ጉርሻ ጣለልኝ፤ "እግዜር ይስጥሽ" ብሎኝ ሄደ። ደንቡ አመስግኜ ፈገግ እንድል ያዝዛል። ፈገግ አልኩ።

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ ካልሆነ በስተቀር።

የጭሱንና የሌሊቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በኔቫዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በብዙ የሕዝብ ቦታዎች ማጨስ ቢከለከልም የቁማር አዳራሾች ከክልከላው ወጥተዋል። የምትሠሩት ጭስ ውስጥ ነው። አዲስ ገቢ ሁሉ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ይሰጠዋል። እኔ እኩለ ሌሊት ላይ ደንብ ልብሴን ስለብስ በክረምታቸው ወራት እዚህ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። እናቴ ከቅዳሴ መልስ ትደውላለች፤ እኔ ደግሞ ስልኬን ቆልፌ ወደ ጭሱ እገባለሁ። የአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ ዕረፍት የለም፤ የእኛ ገናም እንደ ማንኛውም ቀን ያልፋል።

እናቴ ከላክሁላት ገንዘብ ቤቷን ቆርቆሮ አለበሰች፣ መድኃኒቷን ገዛች። አርፋ ከተቀበረች በኋላ ስመለስ ግን ጎረቤቶቿ አንድ ነገር ነገሩኝ። የጊዮርጊስ ማኅበሯ ተራ ሲደርስ ከእኔ ገንዘብ ሰባራ ሳንቲም አትነካም ነበር። የራሷን ገብስ ሸጣ ነው የምትደግሰው። ለምን ስትባል "የልጄ ድካም ነው፤ ግን ከየት እንደሚመጣ አላውቀውም" ትላለች። አልተቀየምኳትም። እርሷ ብቻ ነበረች ጥያቄውን የያዘችው፤ እኔን ላለማሳዘን ሳትጠይቀኝ ኖረች። ጠይቃኝ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 2020 መጣ። በመጋቢት አጋማሽ የግዛቲቱ ገዥ ካሲኖዎች እንዲዘጉ አዘዙ፤ 78 ቀን ተዘግተው ቆዩ። ሃያ አራት ሰዓት የማይጠፋው መብራት ጨለመ። በሚያዝያ ወር በኔቫዳ ሥራ ያጣው ሰው ወደ 30 በመቶ ደረሰ። ካሲኖዎቹ በሰኔ መጀመሪያ ሲከፈቱ እኔን የጠራኝ የለም። በስልክ የደረሰኝ መልእክት ሦስት መስመር ነበር፤ ለአገልግሎትዎ እናመሰግናለን ይላል። 14 ዓመት ሠርቼ ነበር። ክፍል አጽጂ ጓደኞቼ በስምምነታቸው ወደ ሥራቸው የመመለስ መብት ነበራቸው፤ ዘግይተውም ቢሆን በቆይታቸው ቅደም ተከተል ይጠሩ ጀመር። እኔ ቁጠባዬን በሰባት ወር ጨርሼ የሰው ልጅ ስጠብቅ፣ አረጋዊ ስንከባከብ ቆየሁ።

የመለሰኝ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ያው ትቼው የሄድኩት ማኅበር ነው። ኩሊናሪ ተሟግቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የኔቫዳ ሕግ አውጪዎች በወረርሽኙ ምክንያት የተቀነሱ የሆቴልና የካሲኖ ሠራተኞች ቅድሚያ ተሰጥቷቸው ወደ ሥራ እንዲጠሩ የሚያዝዝ ሕግ አወጡ። ሕጉ የማኅበር አባል የሆነና ያልሆነ ብሎ አልለየም። በዚያ ክረምት ስልኬ ጮኸ። መዋጮ ከከፈልኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኝ ነበር። እኔ ወደ ሀገሬ ከተመለስኩ በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ፣ አድማ የሚጀመርበት ቀን ተቆርጦ ሳለ ሦስቱ ትልልቅ ኩባንያዎች የአምስት ዓመት ስምምነት መፈረማቸውን ስሰማ ጠባሴ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን ልመለስ። ጎረቤቴ ማኅበር ከጠራችኝ በሳምንቱ አንድ ወጣት ቤቴ መጣ። መምህርት መሆኔን ሰምቶ ለትምህርት መስሎኝ ነበር። "እትዬ፣ ካሲኖ ሠርተሻል አሉ፤ ቤቱ የሚበላበትን ሚስጥር ንገሪኝ" አለ። የስፖርት ውርርድ ቤት የሚውል ልጅ ነው። ጓዳ ገብቼ ባቄላ አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ 38 ፍሬ ደረደርኩለት። ሩሌት የሚባለው፣ ትንሽ ኳስ ቁጥር በተጻፈበት ተሽከርካሪ ጎማ ላይ የምትጣልበት ጨዋታ አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው 38 ቁጥር አለው አልኩት። በሁሉም ቁጥር ላይ አንድ አንድ ባቄላ አስቀምጥ። ኳሷ የትም ብትወድቅ አሸንፈሃል፤ ቤቱ 35 ባቄላ ይከፍልሃል፣ የራስህን አንዱንም ይመልስልሃል። ቁጠረው። 36 ሆነ። ሁለቱ ባቄላ የት ሄዱ? ደጋግሞ ቆጠረ። በእያንዳንዱ ዙር፣ ማንም ሳይሰርቅ፣ ማንም ሳያጭበረብር ሁለቱ ከቤቱ ጋር ይቀራሉ። ሚስጥር የለውም፤ ደንቡ ላይ የተጻፈ ነው። የእግር ኳሱም ውርርድ በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ኦድ የምትሉት፣ ያሸነፈ ስንት እንደሚከፈለው የሚወስነው ቁጥር ሲወጣ የቤቱ ድርሻ አስቀድሞ ተቀንሶ ነው። ለምሳሌ ዕድላቸው እኩል በሆኑ ሁለት ውጤቶች ላይ መቶ መቶ ብር ቢወራረድ፣ ለአሸናፊው 185 ብር ተከፍሎ 15ቱ ይቀራል። ልጁ ባቄላውን እያየ ዝም አለ። ሲወጣ ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ግን በማግስቱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተመልሶ "ለእነርሱም አሳዪአቸው" አለኝ።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ወደ አረብ ሀገር ለሥራ የሚሄዱ ልጆች ከመሄዳቸው በፊት ሥልጠና እንደሚወስዱ አውቃለሁ። በዲቪና በቤተሰብ ጥሪ የሚሄዱት ግን እንደ ዕድለኛ ተቆጥረው፣ በግ ታርዶላቸው ብቻ ይሸኛሉ። ለእነርሱም ቢያንስ አንድ ቀን ይኑራቸው። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ውስጥ ከዚያ ሥራ የተመለስን ሰዎች አለን፤ ያለ አበል እንመጣለን። የሠራተኛ ማኅበር ያለበትን የሥራ መደብና የሌለበትን እንዴት እንደሚለዩ፣ ከመፈረማቸው በፊት ምን እንደሚጠይቁ፣ በጉርሻ ገቢ ላይ ዕዳ እንዳይገቡ፣ የሦስት ወር ስንቅ በባንክ ሳያስቀምጡ ገንዘብ መላክ እንዳይጀምሩ እንነግራቸዋለን። ከሁሉ በፊት ከሥራ ሲወጡ በመንገዳቸው ላይ የተደረደሩትን የቁማር ማሽኖች ሳይነኩ እንዲያልፉ። ደመወዛቸውን ተቀብለው እዚያው ሲጨርሱ ያየኋቸውን ባልደረቦቼን ብቆጥር ይህ ወረቀት አይበቃኝም።

ሌላም አለ። በከተሞቻችን የውርርድ ቤቶች መስኮት ጀርባ ተቀምጠው እስከ ምሽት ትኬት የሚቆርጡ ልጃገረዶች አሉ። ሳልፍ አይቻቸዋለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁትን ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት። ቤቱ መከፈት አለበት የለበትም የሚለውን ሌሎች ይከራከሩበት። እነዚህ ልጆች ግን በጽሑፍ ውል አላቸው ወይ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል ከሩብ፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈል ይላል። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻልም ይፈቅዳል። ተቆጣጣሪዎቻችሁ እነዚያን መስኮቶች አንኳኩተው ልጆቹን ብቻቸውን እንዲጠይቁልኝ እማጸናለሁ፤ አለቃቸው በሌለበት።

የጎረቤቴን ልጅ ትናንት ቤቴ ጠርቼ ቡና አፈላሁላት። መዳፌን እንዴት እንደምገለብጥ አሳየኋት፤ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመች። "ታዲያ አልሂድ?" አለችኝ። ሂጂ አልኳት። ጋሪ ከሰጡሽ ተቀበይ፣ ማኅበሩ ውስጥ ተመዝገቢ፣ ወደ ጠረጴዛው ተሻገሪ ካሉሽ መጀመሪያ ለእኔ ደውዪልኝ። ስልኬን ጻፈች። ከፋሲካ በፊት ያሉት ቅዳሜዎች ስድስት ናቸው፤ ከእርሷ ጋር የሚሄዱ ሌሎች አራት ልጆች እንዳሉም ነግራኛለች። አንድ አዳራሽ ለአንድ ቅዳሜ ከፈቀዳችሁልን ባቄላውን ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የካሲኖ ሠራተኛና መምህርት
ጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን